ልጅዎ ቤዝቦል ሲጫወት እንዴት እንደሚመለከቱ፦ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላላቸው ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

መጋቢት በገባ ቁጥር ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በሥራ ቦታና በስልክ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልኛል። «ልጄ የትምህርት ቤቱ ቤዝቦል ቡድን ውስጥ ገባ። ሄጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥሁ፤ ነገር ግን ምን እንደተደረገ ሳይገባኝ ተመለስሁ። ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሲጫወት እኔም አራት ዓመት ከአጥሩ ውጭ ተቀምጬ ቀስ በቀስ የተማርሁትን ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከምመልስ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

እግር ኳስ እያየን ያደግን ሰዎች ዓይናችን ኳስን መከተል ለምዷል። በቤዝቦል ግን ኳሱን ብቻ የሚከተል ወላጅ የገዛ ልጁን ሥራ ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ልጁ ከሚሠራው የሚበዛው ኳሱ ወደ እርሱ ባልመጣበት ጊዜ የሚሠራው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ለማየት እንዲረዱ የተዘጋጁ ናቸው። ሴት ልጆች በአብዛኛው የሚጫወቱት ሶፍትቦል ሜዳው ያነሰ፣ ውርወራውም ከታች ወደ ላይ ቢሆንም አብዛኛው ምክር ለእርሱም ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን አካባቢ የጨዋታው ወቅት ሲጀምር አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። የተመልካች መቀመጫው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ብርዱ ከታች ይሰማል፤ ስለዚህ የጋቢውን ግማሽ አንጥፎ በቀረው መሸፈን ይቻላል።
- ታጣፊ ወንበር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ሜዳ መቀመጫው ጥቂት ነው።
- ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የዝናብ ካፖርት። ጥላ መዘርጋት ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ስለሚከልል ካፖርት ይሻላል።
- ውሃ፣ እንዲሁም ቡና ወይም ሻይ የያዘ ፔርሙስ።
- ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ለምን እንደሚያስፈልጉ በ4ኛውና በ7ኛው ደረጃ ተገልጿል።
- ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ በውስጡም የልጁ የጤና መድን ካርድ ፎቶግራፍ። ልጁ ቢጎዳ ካርዱን ፍለጋ ወደ ቤት መመለስ አይኖርም።

ደረጃ 1፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሜዳውን በጨዋታው ዕለት እንደገና ያረጋግጡ

የትምህርት ቤት ጨዋታ በአብዛኛው በሥራ ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይደረጋል። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ሜዳው ጭቃ ሲሆን ጨዋታው ይሰረዛል፣ ወደ ሌላ ቀንም ይዛወራል፤ ስለዚህ ከወር በፊት የወጣውን የጨዋታ መርሐ ግብር ብቻ አምኖ ፈቃድ መጠየቅ ብዙ ወላጆችን በባዶ ሜዳ አስቁሟል። ትምህርት ቤቱ ሁለት ቡድኖች ካሉት፣ ማለትም ዋናው ቫርሲቲና ታዳጊዎቹ የሚበዙበት ጄቪ፣ ሁለቱ በአንድ ሰዓት በተለያየ ሜዳ ሊጫወቱ ስለሚችሉ ልጅዎ በየትኛው እንዳለ ይወቁ። ለዘመድ ሰዓቱን ሲናገሩ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። በአሜሪካ አቆጣጠር 4:30 የተባለው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ምክንያት ጨዋታው ካለቀ በኋላ የደረሱ አያት አውቃለሁ።

ቤዝቦል የሚያልቅበት የተወሰነ ሰዓት የለውም። የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ ኢኒንግ የሚባሉ 7 ዙሮች አሉት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል ብለው ያቅዱ። እኩል ከሆኑ ይቀጥላል፤ አንዱ ቡድን በ10 ነጥብ ከመራ ደግሞ በብዙ ግዛቶች ከ5ኛው ኢኒንግ በኋላ ሊቆም ይችላል። ከሥራ መቅረት የማይችሉ ወላጆች ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበትን ጌምቸንጀር የተባለ አፕ በስልካቸው ጭነው እያንዳንዱ ውርወራ ሲመዘገብ መከታተል ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ስለ ጾምና ስለ በዓላት ከአሰልጣኙ ጋር ይነጋገሩ

የቤዝቦል ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ልጅዎ የሚጾም ከሆነ የሚወዳደረው 55 ቀን ከሚቆየው ጾም በሚበዛው ክፍል ውስጥ ነው። አሰልጣኙ ይህን ካላወቀ ልጁ ሲደክመው ስንፍና ሊመስለው ይችላል፤ የቡድኑን የጋራ ምግብ የሚያዘጋጁት ወላጆችም ፒዛና ዶሮ ብቻ ያቀርባሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ልጁ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማይበላ በግልጽ ይንገሯቸው። ምግብ የሚበላበትን ሰዓት በተመለከተ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከሩ፤ ባዶ ሆድ ሆኖ በፀሐይ ሁለት ሰዓት መሮጥ ልጁን ሊያዞረው ይችላል። የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቴምርና ቆሎ በቦርሳ ውስጥ የማይበላሹ የጾም ምግቦች ናቸው። ቆሎው ኦቾሎኒ ካለበት በቡድኑ ውስጥ አለርጂ ያለበት ልጅ እንዳለ ሳይጠይቁ እንዳይታደል።

የረመዳን ጾም ከወቅቱ ጋር በሚገጥምባቸው ዓመታት የሙስሊም ወላጆች ልጁ ጀምበር ስትጠልቅ በኢኒንጎች መካከል እንዲያፈጥር ቀድመው ማስፈቀድ፣ ቴምርና ውሃም በቦርሳው ማስቀመጥ ይገባቸዋል። የእኛ ስቅለትና ፋሲካ በብዙ ዓመታት ከምዕራባውያኑ ቀን ስለሚለይ ትምህርት ቤቱ በዕለቱ ዝግ አይሆንም፤ ስለዚህ ልጁ የሚቀርባቸውን ቀናት በጽሑፍ አስቀድመው ይስጡ። በዋዜማው የተነገረው አሰልጣኝ ሌላ ተጫዋች ለማዘጋጀት ጊዜ አይኖረውም።

ደረጃ 3፦ ከ30 ደቂቃ በፊት ደርሰው ከመረብ በስተኋላ ይቀመጡ

ቀድሞ መድረስ የሚጠቅመው ልጁ ሲያሟሙቅ ለማየት ነው። ዕለቱን እጁ እንዴት እንደሆነ፣ በየትኛው የሜዳ ክፍል እንደሚቆምና ሰውነቱ የላላ ወይም የተጨነቀ መሆኑን በዚያን ጊዜ ያስተውላሉ። ውሃና ምግብ መስጠት ካለብዎም በዚሁ ሰዓት ይስጡት። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ተጫዋቾች ወደሚቀመጡበት ዳግአውት መሄድ አይገባም፤ በዚያ ሰዓት ልጁ የአሰልጣኙ ነው።

መቀመጫ ሲመርጡ ከሁሉ የሚሻለው ከመቺው በስተኋላ፣ መረብ ወይም ከፍ ያለ አጥር ያለበት ቦታ ነው። ከዚያ ሆኖ ውርወራው ቀጥ ብሎ መምጣቱም ይታያል። በጎንና በጎን ያሉት ቦታዎች ዝቅተኛ አጥር ስላላቸው ዱላው ነክቶት ከመጫወቻው መስመር ውጭ የሚሄድ ኳስ፣ ማለትም ፋውል፣ በታላቅ ፍጥነት ወደ ተመልካች ሊገባ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቤዝቦል ኳስ ጠንካራ ነው። ወርዋሪው ለመወርወር ሲነሣ ስልክዎን አይመልከቱ፤ ጀርባዎንም ለሜዳው አይስጡ። ትናንሽ ልጆችን ይዘው ከመጡ ተተኪ ወርዋሪዎች ከሚለማመዱበት ቦታና ተረኛው መቺ ዱላ ከሚያወዛውዝበት አጥር ያርቋቸው። «ተጠንቀቁ» የሚል ጩኸት ከሰሙ ኳሱን ፍለጋ ቀና አይበሉ፤ ጎንበስ ብለው ራስዎን በክንድዎ ይሸፍኑ።

ደረጃ 4፦ መሠረታዊውን ሕግና የልጅዎን ተራ ይያዙ

መጽሐፍ ሙሉ ሕግ ማወቅ አያስፈልግም፤ ለመጀመሪያው ቀን የሚከተለው ይበቃል። እያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለት ግማሽ አለው። በአንዱ ግማሽ አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ዘጠኝ ልጆች አሰልፎ ሜዳውን ይጠብቃል፤ ሦስት መቺዎች ወይም ሯጮች ከተራቸው ሲወጡ፣ ማለትም ሦስት አውት ሲሆን፣ ይለዋወጣሉ። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ርቆ ይወረውራል። ስትራይክ ማለት መቺው የሳተው፣ ወይም በክልሉ፣ ማለትም ከጉልበቱ እስከ ደረቱ ያህል ባለው ከፍታ በመምቻው ቦታ ላይ፣ ሲያልፍ ሳይመታ የተወው ኳስ ነው። መቺው ሦስት ስትራይክ ከተቆጠረበት ይወጣል፤ ከክልሉ ውጭ የተወረወሩ አራት ኳሶችን፣ ቦል የሚባሉትን፣ ሳይመታ ካለፈ ደግሞ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ሯጮች ወደሚረግጡት የመጀመሪያ ማረፊያ፣ ይሄዳል። በቤዞቹ መካከል ያለው ርቀት 27 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ሦስቱን ቤዞች ረግጦ ወደ ሆም፣ ማለትም ወደ መምቻው ቦታ፣ የተመለሰ ልጅ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል።

ከዚያም በደብተርዎ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የልጅዎን የማልያ ቁጥር፣ የሚቆምበትን ቦታ፣ በመምታት ተራ ከእርሱ የሚቀድሙትን ሦስት ልጆች ቁጥር። የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ሲመታ የልጅዎ ተራ መቅረቡን ስለሚያውቁ ቡና ለመቅዳት ወይም ስልክ ለማንሣት በዚያን ጊዜ አይነሡም። ከልጅዎ ጋር በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር የቦታዎቹን ቁጥር ማወቅም ይረዳል፤ ወርዋሪ 1፣ ከመቺው በስተኋላ ሆኖ ውርወራውን የሚይዘው ካቸር 2፣ የመጀመሪያ ቤዝ 3፣ የሁለተኛ ቤዝ 4፣ የሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፣ ከኋላ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8 እና 9 ናቸው። ልጁ «6-4-3 ሠራን» ሲልዎ ኳሱ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ይገባዎታል።

ስሙ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ካልተጠራ ተነሥተው አይሂዱ። ከተጠባባቂ ወንበር የሚገባ ልጅ በማንኛውም ኢኒንግ ሊጠራ ይችላል፤ ጨዋታውን የጀመረ ልጅም ተቀይሮ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሶ እንዲገባ ሕጉ ይፈቅዳል።

ደረጃ 5፦ ቡድኑ ሜዳ ሲጠብቅ ዓይንዎን ከኳሱ አንሥተው በልጅዎ ላይ ያሳርፉ

ይህ ከሁሉም ደረጃዎች ዋነኛው ነው። በሜዳው ኋላ ክፍል የሚቆም ልጅ በአንድ ጨዋታ ኳስ የሚነካው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ኳሱን የሚከተል ወላጅ «ልጄ ቆሞ ዋለ» ብሎ ይመለሳል። ልጁን የሚከተል ወላጅ ግን የሚከተለውን ያያል።

ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሣ ልጁ ጉልበቱን አጥፎ፣ ክብደቱን ወደ እግሩ ጣቶች አምጥቶ ይዘጋጃል ወይስ እጁን በወገቡ አድርጎ ይቆማል? ኳሱ ሲመታ የመጀመሪያው እርምጃው ወደ የት ነው? ኳሱ ወደ ሌላ ልጅ ቢሄድ እንኳ ይሮጣል? ለምሳሌ በቀኝ ኋላ ክፍል የሚቆመው ልጅ፣ ማለትም ቁጥር 9፣ መሬት ለመሬት የተመታ ኳስ ተይዞ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሲወረወር ከቤዙ በስተኋላ ለመድረስ መሮጥ አለበት። ውርወራው ካመለጠ እርሱ ይይዘዋል፤ ካላመለጠ ማንም ሳያየው ተመልሶ ወደ ቦታው ይሄዳል። በሌሎች ቤዞች ሯጭ ከሌለ ካቸሩም ያንን ሁሉ መከላከያ እንደለበሰ ለዚሁ ሥራ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሮጣል። ልጅዎ በአንድ ጨዋታ ይህን አሥር ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ በውጤት ሰሌዳው ላይ ግን አንዱም አይጻፍም።

የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥር 9 ሆኖ ቆሟል። ይህን ሩጫ ማየት የጀመርሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። በመኪና ውስጥ «ዛሬ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ስድስት ጊዜ ሮጥህ» ስለው ዘወር ብሎ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ደረጃ 6፦ ሲመታ ቁጥሩን እያነበቡ ይመልከቱ

በሰሌዳው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የቦልና የስትራይክ ብዛት ናቸው፤ በአነጋገርም ቦል ይቀድማል። ሦስት ቦልና ዜሮ ስትራይክ ከሆነ ወርዋሪው ተጨንቋልና ብዙ አሰልጣኞች መቺው ቀጣዩን ኳስ እንዳይመታ ያዝዛሉ፤ ልጅዎ ኳስ በመሐል ሲያልፍ ቆሞ ካየ ፈርቶ ሳይሆን ታዝዞ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ቦልና ሁለት ስትራይክ ከሆነ ደግሞ ልጁ በጠባብ ቦታ ነው። ሆኖም ዱላውን በሙሉ ያወዛወዘበት ኳስ ፋውል ቢሆንና ማንም ሳይዘው መሬት ቢወድቅ ሦስተኛ ስትራይክ ተብሎ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ፋውል የሚመታ ልጅ ወርዋሪውን እያደከመ ነው፤ ይህም ጭብጨባ ይገባዋል።

አውት ሁሉ ውድቀት አይደለም። ሯጭ በሦስተኛ ቤዝ ሳለና ሁለት አውት ሳይሞላ ልጅዎ ኳሱን ወደ ኋላ ሩቅ ቢመታና ቢያዝ እርሱ ይወጣል፤ ሯጩ ግን ነጥብ ሊያስቆጥር ይችላል። አሰልጣኙ በምልክት ሲያዝዘው ኳሱን በዱላው በቀስታ ነክቶ ራሱን መሥዋዕት በማድረግ ሯጩን ወደ ቀጣዩ ቤዝ የሚያሳልፍበት ጊዜም አለ። በሁለቱም ጊዜ ጓደኞቹ በዳግአውት ቆመው ሲቀበሉት ያያሉ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ወላጅ ግን ያዝናል። ሦስተኛ ስትራይክ ከተቆጠረበት በኋላ ድንገት ወደ መጀመሪያው ቤዝ ቢሮጥም አይደንግጡ። ካቸሩ ኳሱን ካልያዘው፣ ቤዙም ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት አውት ከሞላ፣ መሮጥ ይፈቀድለታል።

የመምታት ውጤት በሺህ ይቆጠራል። 300 የተባለ መቺ ጎበዝ ነው፤ ትርጉሙም መምታቱ ከተቆጠረባቸው አሥር ተራዎች በሰባቱ አልተሳካለትም ማለት ነው። በሜጀር ሊግ ቴድ ዊሊያምስ በ1941 ያስመዘገበው 406 እንኳ ከአሥር ስድስት ያህሉን ያልተሳካበት ነው። ይህን ስሌት ሳይዙ ወደ ሜዳ የመጡ እንደሆነ በየጨዋታው ሲያዝኑ ይውላሉ፤ ልጁም ከሩቅ ፊትዎን ያነብባል።

ደረጃ 7፦ ልጅዎ ወርዋሪ ከሆነ ውርወራውን ይቁጠሩ

በደብተርዎ ለእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ጭረት ይጻፉ። ከ2017 ጀምሮ በብሔራዊው የትምህርት ቤት ስፖርት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ግዛት የውርወራ ብዛት ገደብና የዕረፍት ቀናት መወሰን አለበት፤ የግዛትዎን ቁጥር አሰልጣኙን ይጠይቁ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት ፒች ስማርት የተባለው መመሪያ ደግሞ በአንድ ቀን ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ 95፣ ለ17 እና ለ18 ዓመት ልጅ 105 ውርወራ እንዳያልፍ ይመክራል። በዚሁ መመሪያ የ16 ዓመት ልጅ 31 ከወረወረ አንድ ቀን፣ 46 ከወረወረ ሁለት ቀን፣ 61 ከወረወረ ሦስት ቀን፣ 76 ከወረወረ አራት ቀን ማረፍ አለበት።

አሰልጣኙ ይቆጥራል፤ ታዲያ ወላጅ ለምን ይቆጥራል? ልጁ ቅዳሜና እሁድ ለሌላ ክለብ የሚጫወት ከሆነ አንዱ አሰልጣኝ የሌላውን ቁጥር አያውቅም፤ ሁለቱንም የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። በአንድ ቀን ወርዋሪም ካቸርም መሆን ክንዱን እጥፍ ስለሚያደክም እርሱንም ይከታተሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጁ በውርወራ መካከል ክርኑን ወይም ትከሻውን ደጋግሞ ከነካካ፣ ክንዱን ካራገፈ፣ ውርወራውም ከወትሮው ዝቅ ብሎ ወይም ቀስ ብሎ መሄድ ከጀመረ፣ ከጨዋታው በኋላ በቀጥታ ያመው እንደሆነ ይጠይቁት። ልጆች ተራቸውን ላለማጣት ሕመም ይደብቃሉ። የክርን ሕመምን በቅባት አሽቶ በማግስቱ እንዲወረውር መፍቀድ ለረጅም ጊዜ ጉዳት ይዳርጋል፤ ሐኪም እስኪያየው ይረፍ።

ደረጃ 8፦ ድምፅዎን ለማበረታታት ብቻ ይጠቀሙበት

ልጅዎ ሲመታ እልል ይበሉ፤ ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ሲመለስም «አይዞህ» ይበሉ። ይህች አንዲት ቃል በአማርኛ ስትነገር ከሜዳው ሁሉ ድምፅ ተለይታ ጆሮው ትደርሳለች። «ክርንህን አንሣ»፣ «አትቸኩል»፣ «አሁን ምታ» የሚሉት ትእዛዞች ግን በየትኛውም ቋንቋ አይነገሩ። ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ መቺው ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሁለት ሰው ድምፅ የሚሰማ ልጅ አንዱንም መፈጸም አይችልም።

የተቃራኒው ቡድን ልጅ ኳስ ሲጥል አያጨብጭቡ። እርሱም የሰው ልጅ ነው፤ እናቱም ከጎንዎ ልትሆን ትችላለች። ከዳኛው ጋር አይከራከሩ፤ የስትራይክ ክልል ከጎን ሆኖ በትክክል አይታይም፤ የሚሳደብ ተመልካችም ከሜዳው እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ልጅዎን የተወረወረ ኳስ ቢመታውም ወደ ሜዳው አይግቡ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የአጥሩን በር ከፍቼ ገብቻለሁ። ልጄ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ቤዝ እየሄደ ነበር፤ በኳስ የተመታ መቺ ቤዙ በነፃ እንደሚሰጠው ገና አላወቅሁም ነበር። አሰልጣኙ ካልጠራዎት ባሉበት ይቁሙ።

ደረጃ 9፦ ከጨዋታው በኋላ ይጠብቁ፣ በመኪና ውስጥም ልጁ ይቅደም

ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው እጅ ይነካካሉ፤ ከዚያ አሰልጣኙ ልጆቹን ሰብስቦ ያነጋግራል፤ በሜዳቸው ከሆነም አፈሩን ያስተካክላሉ። ይህ ሁሉ የጨዋታው አካል ስለሆነ ልጁን «ቶሎ በል» እያሉ አይጥሩት።

መኪና ውስጥ ሲገባ «በላህ?» ብሎ ምግብ ማቀበል ከማንኛውም አስተያየት ይቀድማል። ከዚያ «ስትጫወት በማየቴ ደስ ብሎኛል» ማለት በቂ ነው፤ ልጁ ማውራት ከፈለገ ይናገራል፤ ካልፈለገ ዝም ብሎ መሄድ ምንም ማለት አይደለም። ስሕተቱን እርሱ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሰውነቱ ደክሞ፣ ጓደኞቹም አይተውት ሳለ እንደገና የሚነገረው ምክር ሳይሆን ወቀሳ ሆኖ ይገባዋል። መናገር የግድ ከሆነብዎ በ5ኛው ደረጃ ያስተዋሉትን አንድ ነገር ይንገሩት።

በመጫወቻ ጊዜው ማነስ ቅር ካለዎት በዚያው ምሽት አሰልጣኙን በሜዳው አያነጋግሩ። ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። መጀመሪያም ልጁ ራሱ «ለመሰለፍ ምን ላሻሽል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ይህን ጥያቄ በራሱ አፍ መጠየቁ ከአሰልጣኙ ጋር ያለውን መግባባት ያሳድጋል። ካልተፈታ በኢሜይል ቀጠሮ ይጠይቁ፤ በውይይቱም ስለ ራስዎ ልጅ ብቻ ይናገሩ። «ከእገሌ ልጅ የእኔ ይሻላል» የሚል ንግግር ጉዳዩን ወዲያው ይዘጋዋል።

ሕይወትን የሚመለከቱ ማስጠንቀቂያዎች

ነጎድጓድ ከተሰማ ወይም መብረቅ ከታየ ጨዋታው ይቆማል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሙሉ ሳይሞላ አይቀጥልም። እርስዎም ከአሉሚኒየሙ መቀመጫ ተነሥተው ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ይግቡ፤ ዛፍ ሥር አይጠለሉ።

ራሱን የተመታ ልጅ ካዞረው፣ ካስታወከው፣ ብርሃን ከረበሸው ወይም ንግግሩ ከተደናገረ «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም። ተመልሶ የሚጫወተውም የጤና ባለሙያ አይቶ ከፈቀደ በኋላ ነው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ልጁን ማንቃት ካስቸገረ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ደረቱን በኳስ የተመታ ልጅ ተዝለፍልፎ ከወደቀ ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ ልብ ባለው ልጅም ይደርሳል። ወዲያው 911 ይደወል፤ ደረቱ በእጅ ይጫን፤ ልብ የሚያስነሣው ኤኢዲ የተባለ መሣሪያ ይምጣ። በዚህ ጊዜ ደቂቃ ዋጋ ስላለው፣ መሣሪያው በትምህርት ቤቱ የት እንደተቀመጠ በወቅቱ መጀመሪያ ጠይቀው ይወቁ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ልጁን ለማስደሰት ከሱቅ ያገኙትን ዱላ መግዛት አንዱ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ከእንጨት ያልተሠራ ዱላ ቢቢኮር የሚል ማኅተም ሊኖረው ይገባል፤ በኢንች ከሚለካው ርዝመቱና በአውንስ ከሚለካው ክብደቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ3 መብለጥ የለበትም። ይህን በማያሟላ ዱላ የመታ ልጅ አውት ይባላል፤ ስለዚህ ደረሰኙን ሳይጥሉ መጀመሪያ ለአሰልጣኙ ያሳዩ።

ሁለተኛው የአፑን ቁጥር አይቶ ልጁን በዚያ መቀበል ነው። ከሦስት አንድም አልመታም የሚለው ቁጥር፣ ከሦስቱ ሁለቱ በጥሩ ሁኔታ ተመትተው የተያዙ መሆናቸውን አይናገርም። ሥራ ላይ ውለው ከሆነ «እስቲ ንገረኝ» ብለው ይጀምሩ።

ሦስተኛው ከሌሎች ወላጆች ተለይቶ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ብዙዎቻችን ሕጉን ባለማወቃችን እናፍርና እንርቃለን፤ ነገር ግን ዝናብ የሰረዘውን ጨዋታ፣ የተቀየረውን ሜዳና የመኪና ተራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከቡናው አንድ ስኒ ቀድተው ያቅርቡና «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚያስረዳዎት አያጡም።

የመጨረሻው የሚሠራው በቤት ነው። በቀይ አፈር የቆሸሸውን ነጭ ሱሪ እንደወለቀ በበረኪና ማጠብና በማድረቂያ ማሽን መክተት እድፉን ያጸናዋል፤ አፈሩ ውስጥ ብረት ስላለ በረኪናው ዝገቱን ያስይዘዋል፣ ሙቀቱም ያተመዋል። መጀመሪያ አፈሩ ይድረቅና በብሩሽ ይራገፍ፤ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይዘፍዘፍ፤ እድፉ መልቀቁን አይተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ማድረቂያው ይግባ። ቀጣዩ ጨዋታ በማግስቱ ሊሆን ስለሚችል የዘፈዘፉበትን ባልዲ ለልጁ አሳይተው እንዲያስለቅቀው ያድርጉ።